«ማውረድ» እና «ማውጣት»፤ ከመዝገብ ቤት እስከ አገልጋይ

ከኮምፒውተር ጋራ ተያይዘው ወደ ዕለት ንግግራችን ከገቡት ግሦች መካከል እንደ «ማውረድ» ያለ ክርክር የተለመዱት ጥቂት ናቸው። ባዕድ ቃል ሳይዋስ፣ አዲስ ቃልም ሳይፈጠር፣ አንድ ነባር ግሥ አዲስ ሥራ ተሰጠው፤ ተናጋሪውም ተቀበለው። ይህ ለቃላት ሠራተኛ የሚያስደስት ነገር ነው። ዳሩ ግን በዚህ በአንድ ግሥ ዛሬ ሁለት የተለያዩ ተግባሮች ይጠሩበታል። አንደኛው፣ በአገልጋይ ኮምፒውተር ውስጥ አስቀድሞ ተሠርቶ የተቀመጠን ፋይል ወደ ራስ መሣሪያ ማምጣት ነው። ሁለተኛው፣ ጠያቂው ባመለከተ ጊዜ አገልጋዩ ከመረጃ ቋት ለቃቅሞ፣ አሰናድቶና ስም ሰጥቶ የሚያስረክበውን ሰነድ መቀበል ነው። የፈተና ውጤት ማስረጃ፣ የክፍያ ደረሰኝ፣ የጥናት ሰንጠረዥ ብዙውን ጊዜ ከሁለተኛው ወገን ናቸው፤ ጠያቂ እስኪመጣ ድረስ ሰነድ ሆነው የትም አልነበሩም።

እንግሊዝኛው ሁለቱንም በአንድ ቃል ስለሚጠራ ተርጓሚዎቻችን ያንኑ ተከትለው በሁለቱም ስፍራ «አውርድ» ይላሉ። እኛ ግን አማርኛ ለሁለተኛው ተግባር ኮምፒውተር ከመታሰቡ በፊት የተዘጋጀ ግሥ አለው እንላለን፤ ይኸውም «ማውጣት» ነው። ለዚህ አባባላችን ማስረጃውን ከቃላቱ ታሪክ እንፈልጋለን። ምሳሌዎቻችንን በአብዛኛው ከደባርቅ፣ ከዳባትና ከሰሜን ተራሮች ግርጌ የምንወስድበት ምክንያት ሁለት ነው። መውጣትና መውረድ፣ መጫንና ማራገፍ በዚያ አገር ዛሬም በእግርና በጀርባ የሚሠሩ ሥራዎች ናቸው፤ ዳባት ደግሞ ብዙ ዓመታት የዘለቀ የሕዝብ መዝገብ ያለባት ወረዳ ናት።

ደባርቅ ከጎንደር ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ፣ በደጋው ጠርዝ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከእርስዋ አልፎ የሚሄደው መንገድ በሊማሊሞ ገደል እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት የሚገኘው በዚችው ከተማ ሲሆን፣ በእግር የሚጓዝ ጎብኚ ጓዙ በበቅሎ ይጫንለታል። የአማርኛው «ጫነ» የግዕዙ «ጸዐነ» ነው፤ «ጸ» ወደ «ጨ» ተለወጠ፣ «ዐ» ተዋጠ፣ ድምፁም ራብዕ ሆኖ ቀረ። ጫኙ ጠዋት የጫነውን ማታ ከሰፈሩ ሲደርስ ያራግፋል ወይም ያወርዳል። በየከተማው መናኸሪያና መጋዘን ደጃፍ የምንሰማው «ጫኝና አውራጅ» የሚለው ጥምር ስምም ሁለቱን ግሦች እንደ መንታ አስተሳስሮ አቆይቶናል። ስለዚህ ኮምፒውተር ሲመጣ ተርጓሚው ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም፤ ፋይልን ወደ አገልጋዩ መላክ «መጫን»፣ ከአገልጋዩ ማምጣት «ማውረድ» ሆነ።

ይሁን እንጂ ከጥንዶቹ አንዱ ወዲያው ሸክም በዛበት። ፕሮግራምን በኮምፒውተር ላይ ማኖርም «መጫን» ነው፤ ቁልፍን በጣት መንካትም «መጫን» ነው። «ፋይሉን ለመጫን ይህን ይጫኑ» የሚለው ዓረፍተ ነገር የሰዋስው ስሕተት የለበትም፤ አንባቢው ግን ሁለቴ ሳያነብ አይገባውም። ከዚህ ለመሸሽ አንዳንዶች «መስቀል» የሚለውን ግሥ መረጡ። ሥራው ገና በመከናወን ላይ መሆኑን ለመግለጽ ሲሞክሩ ደግሞ ቃሉ «በመስቀል ላይ» ሆኖ ይወጣል። በሰሙነ ሕማማት እንዲህ የሚል መስኮት የተከፈተለት ሰው ምን እንደሚሰማው ለአንባቢ እንተዋለን።

የ«ማውረድ» አቅጣጫም ራሱ የሚያነጋግር ነው። በእንግሊዝኛው አስተሳሰብ ማዕከላዊው ኮምፒውተር ከላይ፣ የተጠቃሚው መሣሪያ ከታች ነው፤ ስለዚህ ፋይል ይወርዳል። በተራራማ አገር ለሚኖር ሰው ከዚህ የቀረበ ሌላ ሥዕል አለ፤ ምንጩ ከመንደሩ በታች ሲሆን ሰው ይወርዳል፣ ይቀዳል፣ ተሸክሞም ይወጣል። አማርኛ ጽሑፍ መገልበጥን «መቅዳት»፣ የተገለበጠውን «ቅጂ»፣ መነሻውን «ምንጭ» ማለቱ ከዚሁ ከውኃው ሥራ ጋራ ይስማማል፤ ግዕዙ «ቀድሐ» ነው። አገልጋዩ ፋይል መሥራቱን «ማመንጨት» ብለን ስንተረጉምም ሳናስበው ወደዚያው ወደ ምንጩ ተመልሰናል። «ቋት» እንኳ ከወፍጮ የመጣ ቃል ነው፤ የተፈጨው ዱቄት የሚጠራቀምበት ዕቃ ነውና፣ «ቋት የማይሞላ ነገር» ስንል የምናስበው ያንኑ ዕቃ ነው። እንግዲህ «ቅጂ» ለመጀመሪያው ተግባር፣ ማለት ላለ ነገር አምሳያ ለማበጀት፣ የተስማማ ቃል ነው። ለሁለተኛው ተግባር ግን አይበቃም፤ ያልነበረ ሰነድ አይቀዳምና።

ወደ መዝገብ ቤት እንግባ። በጎንደር ዘመን የርስትና የጉልት ውል በአብያተ ክርስቲያናት ወንጌሎች ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ይጻፍ እንደ ነበር የታወቀ ነው። መጽሐፉ ከዕቃ ቤት አይለቅም፤ የሚፈለገው ቃሉ ነው። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ሚኒስትሮችን ከሾሙ በኋላም የመንግሥት ሥራ በወረቀት እየበዛ ሲሄድ ይኸው ሥርዐት በሌላ መልክ ቀጠለ። መዝገቡ ከመሥሪያ ቤቱ ይቀመጣል፤ ባለጉዳዩ ያመለክታል፤ ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ የሚያስፈልገውን ብቻ ይጽፋል፤ ኃላፊው ይፈርማል፣ ማኅተም ያርፋል፣ ቴምብር ይለጠፋል፤ ወረቀቱም በመስኮት ይሰጣል። በዚህ መስኮት ዙሪያ የተሰበሰቡት ቃላት የታሪካችን ደለል ናቸው። «ሰነድ» ከዐረብኛ፣ «ዶሴ» እና «ቴምብር» ከፈረንሳይኛ፣ «ፋይል» ከእንግሊዝኛ መጡ፤ «መዝገብ»፣ «ማኅተም» ከግዕዝ ናቸው። ስሞቹ እንዲህ ከየአገሩ ሲሰባሰቡ ግሦቹ ግን የአገር ቤት ሆነው ቀሩ፤ ገለበጠ፣ ሰጠ፣ አወጣ።

«አወጣ» የግዕዙ «አውፅአ» ሲሆን ሥረ ትርጉሙ ከውስጥ ወደ ውጭ ማድረግ ነው። አዋጅ ይወጣል፣ ስም ይወጣል፣ ዕጣ ይወጣል፣ ገንዘብ ከባንክ ይወጣል። በመዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ ግን ልዩ ጠባይ አሳየ። መሥሪያ ቤቱ መታወቂያ «ሰጠ» እንላለን፤ ሰውየው መታወቂያ «አወጣ» እንላለን። አንዱ ድርጊት ከሁለት ወገን ሲታይ ሁለት ግሥ አገኘ። «ፓስፖርት አወጣሁ»፣ «ንግድ ፈቃድ አወጣች»፣ «የልደት ካርድ አውጡ» ስንል ባለቤቱ ጠያቂው ነው፤ ሰነዱን በእጁ የሠራው ጸሐፊው ሆኖ ሳለ ግሡ ለጠያቂው ተሰጠ። ከዚህም ሌላ፣ ፓስፖርት ያወጣ ሰው ፓስፖርቱ ከማመልከቻው በፊት በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀው ነበር ብሎ የሚያስብ የለም። ያወጣው በስሙ፣ በጥያቄው፣ በዚያ ቀን የተሠራ ነገር ነው። ከእንግሊዝኛው ቃል የጎደለው ፍች ሁሉ በዚህ ግሥ ውስጥ አለ።

በዚህ ላይ የሕጉ ታሪክ አንድ ነገር ይጨምራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደት፣ ጋብቻና ሞት የሚጻፍበትን «የክብር መዝገብ» እና የመዝገቡን ሹም በሰፊው ደንግጎ ነበር፤ ነገር ግን ያው ሕግ እነዚህን ድንጋጌዎች ሌላ ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ በእንጥልጥል አቆያቸው። እንጥልጥሉ ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ ቆየ። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ሲወጣ «የክብር መዝገብ» በ«ወሳኝ ኩነት» ተተክቶ ነበር፤ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረውም ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ደግሞ ከዚህ በኋላ መጣ። ስሞቹ፣ አዋጆቹና መሣሪያዎቹ ይህን ያህል ሲለዋወጡ የሕዝቡ ግሥ አልተነቃነቀም፤ ያኔም ማስረጃ «ይወጣ» ነበር፣ ዛሬም «ይወጣል»። በደባርቅ የጽሕፈት አገልግሎት ቤቶች ተማሪው ለባለ ኮምፒውተሩ «ውጤቴን አውጣልኝ» ሲለው ሰምተናል፤ ከፊታቸው ባለው መስኮት ላይ ግን «አውርድ» ተብሎ ተጽፏል።

አሁን የአገልጋዩን ሥራ ቀረብ ብለን እንይ፤ ተርጓሚው የሚተረጉመውን ሥራ ሳያውቅ ቃሉን አይመዝንምና። በድረ ገጽ መጀመሪያ ዘመን አገልጋይ የሚሠራው የተቀመጠ ገጽን ማቀበል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 አገልጋዩ ጥያቄን ለሌላ ፕሮግራም አስተላልፎ፣ ፕሮግራሙ የሠራውን መልስ የሚመልስበት «ሲ.ጂ.አይ» የተባለ ስምምነት ተዘረጋ። ከዚያ ወዲህ ገጽም ሆነ ፋይል በጥያቄ ጊዜ የሚሠራ ሊሆን ቻለ። ጥያቄው ሲደርስ ፕሮግራሙ ጠያቂው ማን እንደ ሆነና መብት እንዳለው ያረጋግጣል፣ ከቋቱ ረድፎችን ይለቅማል፣ በሰንጠረዥ ወይም በፒዲኤፍ መልክ ያሰናዳል፣ ይልካል። የተሠራው ፋይል በአገልጋዩ ዲስክ ላይ ጨርሶ ሳያርፍ በቀጥታ ወደ ጠያቂው ሊፈስ ይችላል።

ሰነዱ ብቻውን አይሄድም፤ ከፊቱ ጥቂት መስመሮች ይቀድሙታል። እኛ እነዚህን መስመሮች «ሸኚ» ብንላቸው እንወዳለን፤ መሥሪያ ቤቶቻችን «ሸኚ ደብዳቤ» የሚሉት ነገር በትክክል ይህን ይሠራልና። ሸኚው የሰነዱን ዓይነት ይናገራል፤ ቀጥሎም «ኮንቴንት ዲስፖዚሽን» በተባለው መስመር ሰነዱ በአሳሹ ገጽ ላይ ይታይ ወይስ ለብቻው ይቀመጥ የሚለውን ይወስናል። ይህ መስመር መጀመሪያ የተደነገገው እ.ኤ.አ. በ1995 ለኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ነበር፤ በ1997 ታደሰ፤ ለድረ ገጽ የራሱን ደንብ ያገኘው በ2011 ነው። ለብቻው እንዲቀመጥ የሚያዘው ቃል «አታችመንት» ሲሆን አማርኛው ከቢሮ ደብዳቤ ግርጌ የምናውቀው «አባሪ» ነው። ለፕሮግራም ሠሪው «በአባሪነት ስጥ» ብንለው አንድም ባዕድ ቃል ሳንጠቀም ሥራውን አስረዳነው።

በዚያው መስመር ላይ የፋይሉ ስም ይጻፋል። እዚህ ላይ ፊደላችን ዋጋ ይከፍላል። ግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ በተለመደው የዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ አንዱ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ሸኚው በመሠረቱ ለላቲን ፊደል የተሠራ ስለ ሆነ የሌላ ፊደል ስም በምስጢር አጻጻፍ ይተላለፋል፤ እያንዳንዱም ባይት 3 ምልክት ይሆናል። «ደባርቅ» የሚለው ባለ 4 ፊደል ስም 12 ባይት፣ በሸኚው ላይ ደግሞ 36 ምልክት ነው። በሊኑክስ በተለመደው የፋይል አቀማመጥ የስም ወሰን 255 ባይት ስለ ሆነ፣ በግዕዝ ፊደል የሚጻፍ የፋይል ስም ከ85 ፊደል ሊያልፍ አይችልም። ፕሮግራም ሠሪው ይህን ቸል ካለ ሰነዱ በጥያቄ ምልክትና በሰረዝ ስም ይደርሳል። የሰንጠረዡ ሆድ ዕቃም እንዲሁ ነው፤ በነጠላ ሰረዝ በተከፋፈለ ፋይል ራስ ላይ የአጻጻፉን ዓይነት የሚናገር 3 ባይት ምልክት ካልተቀመጠ፣ ኤክሴል የሰዎችን ስም ትርጉም ወደሌለው ፍርፋሪ ሊለውጠው ይችላል። በመዝገብ ቤቱ ዘመን የሰው ስም በቀለም መፍሰስ ይበላሽ ነበር፤ ዛሬ በ3 ባይት ጉድለት ይበላሻል።

የሁለቱ ግሦች ልዩነት የቃላት ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን የምታሳየን ዳባት ናት። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የዳባት የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ሥርዐት እ.ኤ.አ. በ1996 የተመሠረተ ነው። በተመረጡ ቀበሌዎች የሚኖሩ ቤተሰቦች በየጊዜው እየተጎበኙ ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ይመዘገባል። እንዲህ ያለው መዝገብ ሕያው ነው። ዘግይቶ የተሰማ ሞት ወደ ኋላ ተመልሶ ይገባል፤ በሁለት ቤት የተቆጠረ ልጅ ከአንዱ ይሰረዛል፤ ወጥቶ የሄደ ሰው ይመለሳል። ስለዚህ አንድ ተመራማሪ በመስከረም፣ ሌላው በጥር ከእንዲህ ካለ መዝገብ ያንኑ ጥያቄ ጠይቀው ሁለት የተለያዩ ሰንጠረዦች ቢያገኙ አገልጋዩ አልተሳሳተም። «ሰንጠረዡን አወረድሁ» ያለ ተመራማሪ ግን አንድ የታተመ መጽሐፍ የያዘ ይመስለዋል፤ ከባልንጀራው ጋራ ቁጥሩ ባልተስማማ ጊዜ አንዳችን ቀጣፊ ነን ይላል። «በጥር 10 ያወጣሁት ሰንጠረዥ» ያለ ሰው ቀኑን መጻፍ እንዳለበት ቃሉ ራሱ ያስታውሰዋል።

ሌላው ልዩነት በመንገድ ላይ ይገለጣል። በቦታው ያለ ፋይል እየተወረደ ሳለ መስመሩ ቢቋረጥ፣ እ.ኤ.አ. ከ1997 ወዲህ ባለው ደንብ አሳሹ የቀረውን ክፍል ብቻ ሊጠይቅ ይችላል፤ አገልጋዩም «206» በሚል ቁጥር ካቆመበት ይቀጥላል። በጥያቄ ጊዜ እየተሠራ ለሚፈስ ሰነድ ግን ይህ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም፤ መጠኑ አስቀድሞ አይታወቅም፣ ዳግም ሲሠራም ያው ላይሆን ይችላል። እንደ ገና ከመጀመሪያው ማውጣት ግድ ነው። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የሞባይል በይነ መረብ ተቋርጦ ለወራት እንደ ቆየ ይታወቃል፤ መስመር ባለበት ጊዜም ቢሆን በገደልና በሸለቆ አገር መቆራረጥ እንግዳ አይደለም። «አውርድ» የሚለውን የተጫነ ሰው ሲቋረጥበት እንደሚቀጥልለት ያምናል፤ ሁለቴ፣ ሦስቴ ይጫናል፤ በእያንዳንዱ ጊዜ አገልጋዩ አዲስ ሰነድ ይሠራል፤ ሰውየውም ሦስት ወረቀት ይዞ የትኛው እውነተኛው እንደ ሆነ ይጠይቃል። መድኃኒቱ በአሠራርም አለ፤ ሰነዱን አንዴ ሠርቶ በአገልጋዩ ላይ ማኖርና ከዚያ ማስወሰድ ነው። ያን ጊዜ ተግባሩ በእርግጥ ሁለት ይሆናል፤ አስቀድሞ ይወጣል፣ ቀጥሎ ይወረዳል።

«ማስወሰድ» ያልነው ሆን ብለን ነው። ፕሮግራም ሠሪው ሥራውን ሲገልጽ ተጠቃሚው ፋይል እንዲያወርድ ማድረግ ይላል። አማርኛ እንዲህ ላለው ነገር «አስ-» የሚል አጭር መንገድ አለው፤ አስወሰደ፣ አስገለበጠ፣ አስጻፈ። «አስወረደ» ግን ጽንስን ለማቋረጥ የተያዘ ግሥ ስለ ሆነ ማንም በዚህ አያልፍም። የግሡ ስምም ቢሆን እሾህ አለው። የወረዱ ፋይሎችን «ውርዶች» ያሉ ተርጓሚዎች አሉ፤ ጆሯችን ግን «ውርድ» ሲል «ውርድ ከራሴ» የሚለውን ይሰማል፤ «ውርደት» እና «ወራዳ»ም ከዚያው ቤት ናቸው። «የወረዱ ፋይሎች» ቢባል ሁለት ቃል ሆኖ ይረዝማል እንጂ ማንንም አያሰናክልም። በአገልጋዩ በኩል ደግሞ «ሰጠ» የሚለው የመዝገብ ቤቱ ግሥ ስላለ ማድረጊያ መፍጠር አያስፈልግም፤ አገልጋዩ ይሰጣል፣ ተጠቃሚው ያወጣል።

በዚህ አሳባችን ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ እናውቃለን። «አውጣ» በብዙ ፕሮግራሞች ከዝርዝር ማስወገድንም ይገልጻል፤ ከአገልግሎት መሰናበቻውም «ውጣ» ነው፤ ተጠቃሚው ማስረጃውን ሊያገኝ ሲሻ የሚያጠፋ ሊመስለው ይችላል የሚል ነው። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ ግሡ ብቻውን ከቆመ እኛም አንደግፈውም። ነገር ግን በመዝገብ ቤቱም ቢሆን ይህ ግሥ ብቻውን ቆሞ አያውቅም፤ ተሳቢው ነው ፍቹን የሚወስነው። «ማስረጃ ያውጡ»፣ «ደረሰኝ ያውጡ»፣ «የወሩን ሰንጠረዥ ያውጡ» ተብሎ ሲጻፍ የሚደናገር አንባቢ አናገኝም። በአክብሮት መጻፋችንም ለወግ ያህል አይደለም፤ ይህን ቁልፍ ከሚጫኑት ብዙዎቹ ለልጃቸው ማስረጃ የሚያወጡ አባትና እናት ናቸው፤ በመስኮቱ ያለው ጸሐፊ «አንተ» የማይላቸውን ሰዎች ኮምፒውተሩ «አንተ» ሊላቸው አይገባም። «ማውረድ» ለመጽሐፍ፣ ለዜማ፣ ለፕሮግራም፣ በጠቅላላው ላለ ነገር ይቆይ፤ ከሕዝብ አፍ ይነጠቅ የሚል አሳብ የለንም።

የቀረው የቀኑ ነገር ነው። በመታወቂያችን ላይ «የተሰጠበት ቀን» የሚል መስመር አለ፤ አገልጋይ የሚሰጠው ሰነድም ይኸው መስመር ያስፈልገዋል። አገልጋዩ የሚቆጥረው ግን በአውሮፓውያን ቀንና ከእኩለ ሌሊት በሚነሣ ሰዓት ነው። በዳባት ጠዋት በ2 ሰዓት የወጣ ሰነድ «8፡00» ተብሎ ይታተማል፤ ዘመኑ ካልተለየም የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ይፈጠራል። ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ማተም የሚሻል ይመስለናል። የሰንጠረዥ ፕሮግራሞችም 13ኛ ወር አያውቁም፤ ጳጉሜን 3 ቀን የወጣ ሰንጠረዥ ቀኑ በቁጥር ብቻ «2016-13-03» ተብሎ ቢጻፍ እንደ ቀን አይቀበሉትም፤ እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጡታል፤ በቀን ተራ ሲደረደርም ከሌሎቹ ተለይቶ ከዝርዝሩ ጫፍ ይወድቃል።